ኢንቨስትመንቶቻችሁ አብረው ይወድቃሉ? ኮሪሌሽንን አስልቶ የፖርትፎሊዮን ስጋት የመቀነስ ዝርዝር መመሪያ

ስምንት ፈንድ (ብዙ ኢንቨስትመንቶችን በአንድ ላይ የያዘ ቅርጫት) ስላላችሁ ብቻ ገንዘባችሁ ተበትኗል ማለት አይደለም። ስምንቱም በአንድ ሳምንት፣ በአንድ ምክንያት የሚወርዱ ከሆነ የያዛችሁት አንድ ነገር ነው። በአንድ ቀበሌ ሦስት ማሳ ያለው ገበሬ አንድ የበረዶ ዝናብ ሦስቱንም እንደሚመታበት ያውቃል። እኛ ግን የፈንድ ስም ሲበዛ እንረሳዋለን።

ሁለት ኢንቨስትመንቶች ምን ያህል አብረው እንደሚሄዱ የሚለካው ቁጥር ኮሪሌሽን ነው፤ በአማርኛ ተዛምዶ ይሉታል። ከ-1 እስከ +1 ይሄዳል። +1 ማለት ሁልጊዜ አብረው ይወጣሉ፣ አብረው ይወርዳሉ። 0 ማለት የአንዱ መውረድ ስለሌላው ምንም አይነግራችሁም። -1 ማለት አንዱ ሲወርድ ሌላው ይወጣል።

ስሌቱ አንድ ፎርሙላ ብቻ ነው፤ ሰው የሚሳሳተው ሌላ ቦታ ነው። ለውጥን ከለውጥ ማነጻጸር ሲገባው ዋጋን ከዋጋ ያነጻጽራል። የስድስት ወር ዳታ ይዞ ይደመድማል። ዋጋው በየቀኑ የማይታየውን ቤት ደግሞ «ከምንም ጋር አይገናኝም» ብሎ ያልፈዋል። ይህ መመሪያ የሚረዝመው እነዚህ ላይ ነው።

እንደ ምሳሌ የምንይዘው አሜሪካ የሚሠራ ሰው ነው። 401ኬ (በመሥሪያ ቤት በኩል የሚጠራቀም የአሜሪካ የጡረታ ቁጠባ) አለው፣ ከሚሠራበት ኩባንያ የተሰጠው አክሲዮን አለው፣ አዲስ አበባ ደግሞ ኮንዶሚኒየምና የባንክ አክሲዮን አለው። አገር ቤት ያላችሁና በገበያ የሚገዛና የሚሸጥ ፈንድ የሌላችሁ ደረጃ 1ን አንብቡና በቀጥታ ወደ ደረጃ 5 እለፉ።

ከመጀመራችሁ በፊት የሚያስፈልጋችሁ

ጎግል ሺትስ ወይም ኤክሴል። የሁሉም አካውንቶቻችሁ የቅርብ ጊዜ መግለጫ። ሳይቋረጥ የሚገኝ የሁለት ሰዓት ጊዜ። ባለትዳር ከሆናችሁ ደግሞ የትዳር አጋራችሁ አካውንቶች ጭምር። የባልን ብቻ ወይም የሚስትን ብቻ አስልቶ «ተበትኗል» ማለት ግማሹን ቤት ቆልፎ ግማሹን ክፍት መተው ነው።

በስልክ አትሥሩት፤ ዓምዶቹ ይምታቱባችኋል።

ደረጃ 1፦ ያላችሁን ሁሉ በአንድ ገጽ ጻፉ

1. በመጀመሪያው ዓምድ የኢንቨስትመንቱን ስም ጻፉ።
2. በሁለተኛው ዛሬ የሚያወጣውን ዋጋ በአንድ ገንዘብ ዓይነት ጻፉ። የምትኖሩትና የምታወጡት በዶላር ከሆነ ሁሉንም በዶላር፣ በብር ከሆነ ሁሉንም በብር።
3. በሦስተኛው ከጠቅላላው ስንት በመቶ እንደሆነ አስሉ።
4. በአራተኛው «ዋጋው በየሳምንቱ ይታያል ወይስ አይታይም?» ለሚለው «አዎ» ወይም «የለም» ብላችሁ መልሱ።

ቤቱን አትርሱ። የባንክ አክሲዮኑን፣ ለዘመድ ንግድ የሰጣችሁትን ገንዘብ፣ በባንክ የተቀመጠውን ጥሬ ገንዘብም ጻፉ። ከታች ደግሞ ለብቻው አንድ መስመር ጨምሩና ደመወዛችሁን ከነመሥሪያ ቤታችሁ ዘርፍ ጻፉ። ደመወዝ ኢንቨስትመንት አይደለም ትሉ ይሆናል። ግን ለአብዛኞቻችን ትልቁ ሀብታችን እሱ ነው፤ ከአክሲዮኑ ጋር አብሮ የሚወድቅም እሱ ነው።

ኤንሮን የተባለው የአሜሪካ የኃይል ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2001 ሲወድቅ ከሠራተኞቹ የ401ኬ ገንዘብ ከግማሽ በላይ የሚሆነው በራሱ በኤንሮን አክሲዮን ላይ ነበር። ሰዎቹ ሥራቸውንና የጡረታ ቁጠባቸውን በአንድ ወቅት አጡ። የሚሠሩበትን ኩባንያ አክሲዮን በብዛት የያዙ ሰዎች ይህን ታሪክ ሰምተውት እንኳ «የእኛ ይለያል» ይላሉ። ኤንሮን ውስጥ የነበሩትም እንደዚያው ይሉ ነበር።

ደረጃ 2፦ ዳታ ሰብስቡ

አራተኛው ዓምድ ላይ «አዎ» ያላችኋቸውን ብቻ ውሰዱ። ሌሎቹ ደረጃ 5 ላይ ይመጣሉ።

1. ጎግል ሺትስ ላይ አዲስ ገጽ ክፈቱ።
2. ጎግል ፋይናንስ የሚለውን ፎርሙላ በላቲን ፊደል፣ ሁለቱን ቃላት ሳትለያዩ ጻፉ። በቅንፉ ውስጥ በቅደም ተከተል፦ የፈንዱ ምልክት (በገበያ የሚታወቅበት አጭር የላቲን ፊደላት ስም)፣ «ፕራይስ» የሚለው ቃል፣ የመነሻ ቀን፣ የመጨረሻ ቀን፣ በመጨረሻም «ዊክሊ»።
3. የአምስት ዓመት ዳታ ጠይቁ። ወደ 260 ረድፍ ይመጣል።
4. ለእያንዳንዱ ፈንድ ይህንኑ ድገሙ። እያንዳንዱ የቀንና የዋጋ ሁለት ዓምድ ይይዛል።

አምስት ዓመት ለምን? በ12 ወርሃዊ ቁጥር ብቻ ካሰላችሁ፣ ምንም የማይገናኙ ሁለት ነገሮች በአጋጣሚ ብቻ 0.5 ሊያሳዩ ይችላሉ። በ260 ሳምንት ግን በአጋጣሚ ከ0.12 በላይ የሚወጣው አልፎ አልፎ ነው። ስለዚህ በአጭር ጊዜ ዳታ ላይ ተመሥርቶ «ወርቅና ስቶክ (አክሲዮን) ተቃራኒ ሆነዋል» የሚል ቪዲዮ ስታዩ ስንት ረድፍ እንደተጠቀመ ጠይቁ።

*ችግር ሲፈጠር*

አንዱ ፈንድ ከተከፈተ ሁለት ዓመት ብቻ ከሆነው፣ ሌሎቹንም በሁለት ዓመት ልክ አትቁረጡ። ለእሱ ሲባል የሁሉም ዳታ ይበላሻል። ተመሳሳይ ኢንዴክስ (የብዙ አክሲዮኖችን ወይም ቦንዶችን ዋጋ በአንድ ላይ የሚለካ ዝርዝር) የሚከተል የቆየ ፈንድ ፈልጉና በእሱ ቦታ ተጠቀሙ።

ቀኖቹ ካልተገጣጠሙ፣ ለምሳሌ ቢትኮይን ቅዳሜና እሁድም ስለሚገበያይ፣ የአንዱን ፈንድ ቀኖች እንደ መሪ ያዙና የሌሎቹን ዋጋ ቀኑን ፈልጎ በሚያመጣው በቪሉክአፕ ፎርሙላ አምጡ። አንድ ረድፍ ብቻ ወደ ታች ከተንሸራተተ ስሌቱ ሁሉ ወደ ዜሮ ይጠጋል። እናንተም «እንዴት ያለ ጥሩ ብተና!» ብላችሁ ትደሰታላችሁ። ከመቀጠላችሁ በፊት ከላይ፣ ከመሃልና ከታች አንዳንድ ረድፍ መርጣችሁ ቀኖቹ አንድ መሆናቸውን በዓይናችሁ አረጋግጡ።

የጎግል ፋይናንስ ፎርሙላ የትርፍ ክፍፍልንና የቦንድ (ለመንግሥት ወይም ለኩባንያ የሚሰጥ ብድር ሰነድ) ወለድን በዋጋው ውስጥ አይጨምርም። ለኮሪሌሽን ብዙ አይጎዳም። ከዚሁ ዳታ ግን «ቦንዱ በአምስት ዓመት ምን አተረፈ?» ብላችሁ እንዳታሰሉ። የቦንድ ፈንድ ትርፍ ዋናው ክፍል ወለዱ ነው።

ደረጃ 3፦ ዋጋን ወደ ለውጥ ቀይሩ

ይህን ደረጃ የዘለለ ሰው ሌላው ድካሙ ሁሉ ከንቱ ነው።

1. ከእያንዳንዱ የዋጋ ዓምድ አጠገብ ባዶ ዓምድ ጨምሩ።
2. በሁለተኛው የዋጋ ረድፍ ላይ የዚህን ሳምንት ዋጋ ለባለፈው ሳምንት ዋጋ አካፍሉና 1 ቀንሱ።
3. ፎርሙላውን እስከ መጨረሻው ረድፍ ጎትቱ።

ዋጋው ከ200 ወደ 204 ከሄደ ለውጡ 0.02 ነው፤ 2 በመቶ ማለት ነው።

ለምን ያስፈልጋል? ለረጅም ጊዜ የሚያድጉ ሁለት ነገሮችን ዋጋ በቀጥታ ካነጻጸራችሁ ሁለቱም ወደ ላይ ስለሚሄዱ ብቻ 0.9 ሊወጣ ይችላል። የአሜሪካ ስቶክ ዋጋና የአዲስ አበባ የጤፍ ዋጋ ሁለቱም ባለፉት ዓመታት ጨምረዋል። አንዱ ሌላውን ይነካል ማለት ግን አይደለም። እኛ የምንፈልገው «ይህኛው ክፉ ሳምንት ሲያሳልፍ ያኛውስ?» የሚለውን ነው።

*ችግር ሲፈጠር*

በለውጥ ዓምዱ ውስጥ እንደ -0.50 ወይም +9 ያለ ቁጥር ካያችሁ ዳታው ተበላሽቷል። አክሲዮኑ ተከፋፍሎ ዋጋው ሳይስተካከል ቀርቶ ይሆናል፤ ወይም አንድ ሴል ባዶ ነው። ያንን ረድፍ ከሁሉም ዓምዶች አጥፉት፤ ከአንዱ ብቻ ካጠፋችሁ ሌሎቹ ይንሸራተታሉ።

ደረጃ 4፦ ሰንጠረዡን ሥሩና አንብቡ

1. ፈንዶቹን በአግድምም በቁልቁልም ጻፉ።
2. በእያንዳንዱ መጋጠሚያ ላይ ኮሬል የሚለውን ፎርሙላ ጻፉ፤ በቅንፉ ውስጥ የሁለቱን ፈንዶች የለውጥ ዓምድ ስጡት።
3. አንድ ፈንድ ከራሱ ጋር ሲገናኝ 1 መውጣቱን አረጋግጡ። ካልወጣ የተሳሳተ ዓምድ መርጣችኋል።

ስሌቱን ራሳችሁ መሥራት ካልፈለጋችሁ ፖርትፎሊዮ ቪዥዋላይዘር የሚባለው ድረ ገጽ ምልክቶቹን ስታስገቡለት ሰንጠረዡን ይሠራላችኋል። እኔ ግን አንድ ጊዜ በእጃችሁ ብትሠሩት እመርጣለሁ። የተሳሳተ ቁጥር ሲመጣ የሚያውቀው የሠራው ሰው ነው።

ፎርሙላው «ኤን ኤ» የሚል ስህተት ካሳየ የሁለቱ ዓምዶች ርዝመት ይለያያል። «ዲቭ ዜሮ» ካለ ደግሞ አንዱ ዓምድ ላይ ምንም ለውጥ የለም፤ ዋጋው አልተንቀሳቀሰም ማለት ነው። ይህን ሁለተኛውን አስታውሱት፤ ደረጃ 5 ላይ እንመለስበታለን።

አሁን ስታነቡ የሚከተለውን ተከተሉ። ድንበሮቹ የእኔ ናቸው፤ ሕግ አይደሉም።

*ከ0.8 በላይ፦* እንደ አንድ ቁጠሩት። ኤስ ኤንድ ፒ 500ንና ናዝዳክ 100ን (በአሜሪካ ገበያ ያሉ ትልልቅ ኩባንያዎችን የሚለኩ ሁለት ኢንዴክሶች) የሚከተሉ ፈንዶችን የያዘ ሰው ብዙ ጊዜ እዚህ ይገባል። አፕል፣ ማይክሮሶፍትና ኤንቪዲያ በሁለቱም ውስጥ ከፍተኛ ቦታ ይዘዋል። ሁለት ፈንድ ገዝቶ ያንኑ ኩባንያ ሁለት ጊዜ መግዛት ነው።

*ከ0.3 እስከ 0.8፦* በከፊል ይረዳል። የሌሎች አገሮች ስቶክ ብዙ ጊዜ እዚህ ይገኛል፤ ወደ ላይኛው ጫፍ ተጠግቶ።

*ከ0.3 በታች፦* ስጋት በደንብ የሚቀንሰው እዚህ ነው። ግን ቁጥሩን ገና አትመኑት፤ ደረጃ 7 አለ።

ደረጃ 5፦ ዋጋቸው በየሳምንቱ የማይታይ ንብረቶች

ኮንዶሚኒየማችሁ በየሳምንቱ አይሸጥም። ከሁለት ዓመት በፊት የገዛችሁት የባንክ አክሲዮን ወረቀቱ ላይ ያው 1,000 ብር ነው። ዋጋው ስላልተንቀሳቀሰ ፎርሙላ ውስጥ ብታስገቡት ወይ «ዲቭ ዜሮ» ይላችኋል ወይ ዜሮ አካባቢ ያሳያችኋል። ዜሮው ግን ውሸት ነው። ንብረቱ አልተናወጠም ማለት አይደለም፤ የለካው ሰው የለም ማለት ነው።

የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ በጥር 2017 ዓ.ም. በይፋ ተከፍቷል፤ የመጀመሪያው ተመዝጋቢ ባንክም ወጋገን ነበር። ቢሆንም የአምስት ዓመት ሳምንታዊ ዋጋ ለመሰብሰብ ገና ብዙ ይቀራል። እስከዚያው በቁጥር ሳይሆን በምክንያት ሥሩ።

1. ንብረቶቹን በቁልቁል ጻፉ። ደመወዛችሁንም።
2. በአግድም ሊመጡ የሚችሉ መዓቶችን ጻፉ፦ የብር ምንዛሪ መውረድ፣ የብሔራዊ ባንክ የብድር ገደብ፣ የቤት ገበያ መቀዝቀዝ፣ የሰላም መደፍረስ፣ የአሜሪካ የሥራ ገበያ መጥበብ።
3. በየመጋጠሚያው ይህ ነገር ቢመጣ ንብረቱ ይጎዳል? ይጠቀማል? ወይስ አይነካውም? ብላችሁ ጠይቁ። የመቀነስ፣ የመደመር ወይም የዜሮ ምልክት አድርጉ።
4. በቁልቁል ዓምዱን አንብቡ። በአንድ መዓት ሥር የመቀነስ ምልክት ከበዛ፣ እነዚያ ንብረቶች ለእናንተ አንድ ናቸው።

ምሳሌ እንያዝ። ብዙ ሰው የአራት ወይም የአምስት የግል ባንክ አክሲዮን ይዞ «አከፋፍያለሁ» ይላል። እ.ኤ.አ. ከ2011 እስከ 2019 የግል ባንኮች ከሚሰጡት ብድር 27 በመቶ የሚሆን የብሔራዊ ባንክ ሰነድ እንዲገዙ ይገደዱ ነበር። ነሐሴ 2015 ዓ.ም. ደግሞ የባንኮች የብድር ዕድገት በዓመት ከ14 በመቶ እንዳይበልጥ ተወሰነ። ሁለቱም መመሪያዎች ባንክ ከባንክ አልመረጡም፤ አምስቱንም በአንድ ደብዳቤ ነኩ። አንደኛው ባንክ ጎበዝ አስተዳደር ሊኖረው ይችላል። ያ ከሌላው ባንክ የተለየ የራሱን ስጋት ይቀንስ ይሆናል እንጂ ከላይ የሚመጣውን አያስቀርም።

በዚያ ላይ ሱቃችሁ ከነዚሁ ባንኮች በአንዱ ብድር የሚሠራ ከሆነ፣ በብድር ገደቡ ዓምድ ሥር ሌላ የመቀነስ ምልክት ጨምሩ።

*ዳያስፖራ ለሆናችሁ፦ ምንዛሪውን ሳትጨምሩ አታስሉ*

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ እንዲወሰን ሲለቀቅ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። 6 ሚሊዮን ብር የሚያወጣ ቤት በ57 ሲመነዘር 105 ሺህ ዶላር ገደማ ነው። ምንዛሪው 114 ሲሆንና የቤቱ የብር ዋጋ ባይለወጥ ወደ 52,600 ዶላር ይወርዳል። የቤት ዋጋ በብር ሊጨምርና ጉዳቱን ሊያካክስ ይችላል፤ ግን ወዲያውኑም በሙሉም ይሆናል ብላችሁ አትተማመኑ። የብር ጥሬ ገንዘብ፣ የባንክ አክሲዮንና የብር ኪራይ በዶላር ለሚኖር ሰው በዚያ ወር አንድ ላይ ቀልጠዋል።

በጎ ጎኑም አለ። የአዲስ አበባው ቤት ከአሜሪካ ስቶክ ጋር የሚጋራው መዓት ጥቂት ነው። ችግሩ ስትፈልጉ በሳምንት ውስጥ ሸጣችሁ ገንዘቡን እጃችሁ ማስገባት አትችሉም። ስለዚህ ለአስቸኳይ ጊዜ የሚሆን ገንዘብ ስታሰሉ ከሒሳቡ አውጡት።

ደረጃ 6፦ መዋዠቁንና ድርሻውን ጨምሩ

ኮሪሌሽን ብቻውን ስጋታችሁን አይነግራችሁም። አብረው ይሄዳሉ ወይ ይላል እንጂ ስንት ይወርዳሉ አይልም። ለዚህ የእያንዳንዱ መዋዠቅ፣ ማለትም ለውጡ ከአማካዩ ምን ያህል እንደሚርቅ፣ እና ድርሻው ያስፈልጋል።

መጀመሪያ የኮሪሌሽንን ጉልበት እዩ። የሁለቱም ዓመታዊ መዋዠቅ 20 በመቶ የሆነ ሁለት ኢንቨስትመንት ግማሽ ግማሽ ብትይዙ፦

ኮሪሌሽኑ 1 ከሆነ የጠቅላላው መዋዠቅ 20 በመቶ ነው፤ ምንም አልቀነሰም።
0.5 ከሆነ 17.3 በመቶ።
0 ከሆነ 14.1 በመቶ።
-0.5 ከሆነ 10 በመቶ።

ከ1 ወደ 0.5 ስትወርዱ የምታገኙት ቅናሽ ትንሽ ነው። ትልቁ ቅናሽ ያለው ከ0.5 በታች ነው። ለዚህ ነው ሰባተኛ የስቶክ ፈንድ መጨመር ብዙም የማይረዳው።

አሁን የራሳችሁን አስሉ፦

1. ደረጃ 3 ላይ ከሠራችሁት ገጽ መጨረሻ ላይ «ፖርትፎሊዮ» የሚል ዓምድ ጨምሩ።
2. በየረድፉ ሰምፕሮዳክት በሚለው ፎርሙላ እያንዳንዱን ለውጥ በድርሻው አባዙና ደምሩ።
3. በዚያ ዓምድ ላይ ስቴዴቭ የሚለውን ፎርሙላ አስሉ። ይህ ሳምንታዊ መዋዠቅ ነው።
4. በ7.2 አባዙት፤ የ52 ካሬ ሥር ነው። ዓመታዊ መዋዠቅ ይሰጣችኋል።
5. ለእያንዳንዱ ፈንድም ለብቻው ይህንኑ አድርጉ፤ በድርሻቸው አባዝታችሁ ደምሩ።
6. ከ5ኛው ላይ የ4ኛውን ቀንሱ። ልዩነቱ ብተናው የቆጠበላችሁ ስጋት ነው።

የ6ኛው ውጤት ወደ ዜሮ ከተጠጋ ስም እንጂ ንብረት አልበተናችሁም።

*ድርሻ ያታልላል*

60 በመቶ ስቶክ፣ 40 በመቶ ቦንድ የያዘ ሰው «ግማሽ ለግማሽ ገደማ ነኝ» ይላል። የስቶኩ መዋዠቅ 16፣ የቦንዱ 6 በመቶ፣ ኮሪሌሽናቸው 0 ነው እንበል። የጠቅላላው መዋዠቅ 9.9 በመቶ ይሆናል። ከዚያ ውስጥ የስቶኩ አስተዋጽኦ 94 በመቶ ነው፤ የቦንዱ 6 በመቶ ብቻ። ገንዘቡ 40 በመቶ ቦንድ ነው፤ ስጋቱ ግን ከሞላ ጎደል ስቶክ ነው። ስቶኩን በሌላ ስቶክ በመቀያየር ጊዜ የሚያጠፉ ሰዎች ይህን ቢያዩ ድካማቸውን ይቆጥቡ ነበር። መጠኑን መቀነስ ነው ያለባቸው።

ደረጃ 7፦ በክፉ ጊዜ ፈትኑት

አማካይ ኮሪሌሽን የሰላም ጊዜ ቁጥር ነው። እኛን የሚያሳስበን ግን የክፉው ሳምንት ነው።

1. ገጹን ቅዱና በዋናው የስቶክ ፈንዳችሁ ለውጥ ቅደም ተከተል ደርድሩት፤ ከከፋው ጀምሮ።
2. የመጀመሪያዎቹን 20 ረድፎች ለዩ።
3. ለእያንዳንዱ ሌላ ንብረት በነዚህ 20 ሳምንታት ስንት ጊዜ እንደወረደ ቁጠሩ። አማካይ ለውጡንም አስሉ።

በነዚህ 20 ረድፎች ላይ ኮሬል እንዳታሰሉ። አንዱን ጫፍ ብቻ ቆርጦ መውሰድ ቁጥሩን ያዛባዋል። ቆጠራው ይበቃል። በአማካይ 0.2 ያለው ንብረት ከ20 ክፉ ሳምንታት በ16ቱ አብሮ ከወረደ፣ መጠለያ ነው ብላችሁ አትቁጠሩት።

ቀጥሎ ዓመታቱን ተመልከቱ። እ.ኤ.አ. በ2008 ኤስ ኤንድ ፒ 500 ከነትርፍ ክፍፍሉ 37 በመቶ ሲወርድ ሰፊው የአሜሪካ የቦንድ ኢንዴክስ 5 በመቶ ገደማ ወጣ። 60/40 የያዘ ሰው 20 በመቶ ገደማ ብቻ ከሰረ። በ2022 ግን ስቶኩ 18 በመቶ ሲወርድ ቦንዱም 13 በመቶ ወረደ። ቦንዱ ድንጋጤውን ማብረድ ሲገባው ራሱ ድንጋጤ ሆነ።

ልዩነቱን ያመጣው ምክንያቱ ነው። በ2008 የመጣው የኢኮኖሚ መውደቅ ነበር፤ ወለድ ተቀነሰ፣ ቦንድ ተጠቀመ። በ2022 የመጣው ግን የዋጋ ንረት ነበር። በሰኔ ወር በአሜሪካ 9.1 በመቶ ደረሰ። የአሜሪካ ማዕከላዊ ባንክ፣ ፌዴራል ሪዘርቭ፣ ወለዱን ከዜሮ አካባቢ አንስቶ በዓመቱ መጨረሻ ከ4 በመቶ በላይ አደረሰው። ወለድ ሲጨምር ነባር ቦንድ ይወርዳል፤ ስቶክም አብሮ ይጎዳል።

ስለዚህ ደረጃ 5 ላይ ወደሠራችሁት የመዓት ሰንጠረዥ ተመለሱና ፈንዶቻችሁንም ጨምሩበት። ቢያንስ ሁለት ዓምድ ይኑረው፦ «የኢኮኖሚ መውደቅ» እና «የዋጋ ንረት»። ረጅም ጊዜ ያለው ቦንድ የመጀመሪያውን ይችላል፤ ሁለተኛውን አይችልም። የአጭር ጊዜ የመንግሥት ቦንድና ጥሬ ገንዘብ በሁለቱም ብዙ አይጎዱም፤ ብዙ አያተርፉም።

የመጋቢት 2020ንም አትርሱ። ከየካቲት 19 እስከ መጋቢት 23 እንደ ፈረንጆቹ ኤስ ኤንድ ፒ 500 ወደ 34 በመቶ ወረደ። በመሃል ሰው ሁሉ ጥሬ ገንዘብ ፈልጎ ወርቅም ሳይቀር ለቀናት ተሸጠ። ለስድስት ወር ወጪ የሚሆን ጥሬ ገንዘብ ማስቀመጥ ያለባችሁ ለእንዲህ ያለው ሳምንት ነው፤ ኮሪሌሽን እዚያ አያድናችሁም።

ደረጃ 8፦ ለውጡን በቅደም ተከተል አድርጉ

ሁሉንም በአንድ ቀን አትሽጡ። በዚህ ተራ ሂዱ፦

1. *የመሥሪያ ቤታችሁ አክሲዮን።* ከጠቅላላው 10 በመቶ በላይ ከሆነ መጀመሪያ የሚቀንሰው እሱ ነው። ከደመወዛችሁ ጋር ያለው ዝምድና ሰንጠረዡ ላይ ባይታይም ትልቁ እሱ ነው።
2. *መንትዮች።* ከ0.8 በላይ ካላቸው ፈንዶች ውስጥ ክፍያው አነስ ያለውን አስቀሩ፤ ሌላውን ወደ ሌላ ዓይነት ንብረት ቀይሩ።
3. *የጎደለ መዓት።* በመዓት ሰንጠረዡ ላይ አንድም የመደመር ወይም የዜሮ ምልክት የሌለበት ዓምድ ካለ ለእሱ የሚሆን ጨምሩ። ለዋጋ ንረት፣ ከንረቱ ጋር የሚስተካከለው የአሜሪካ መንግሥት ቦንድ አለ፤ ቲፕስ ይሉታል። የረጅም ጊዜዎቹ ግን በ2022 እነሱም እንደወረዱ አትርሱ፤ አጭሮቹን ምረጡ።
4. *ዕዳ።* 20 በመቶ ወለድ የምትከፍሉበት ክሬዲት ካርድ ካለ እሱን ክፈሉ። ያ ትርፍ ከየትኛውም ገበያ ጋር አብሮ አይወድቅም።

ለመሸጥ ከ401ኬ ወይም ከአይ አር ኤ (በግል የሚከፈት የአሜሪካ የጡረታ አካውንት) ውስጥ ጀምሩ። እዚያ ውስጥ መለዋወጥ የዚያን ዓመት ግብር አያመጣም። በተራ አካውንት ውስጥ ግን ያተረፈ ነገር ስትሸጡ ግብር አለ። በኪሳራ ሸጣችሁ ያንኑ ፈንድ ከሽያጩ በፊትም ሆነ በኋላ ባሉት 30 ቀናት ውስጥ ከገዛችሁ ደግሞ ኪሳራውን ከግብር መቀነስ አይፈቀድላችሁም። ትርፉ ብዙ ከሆነ አትሽጡ፤ አዲስ የምታስገቡትን ገንዘብ ብቻ ወደ ጎደለው ላኩ።

*ማስጠንቀቂያ*

-1 ለማግኘት ብላችሁ ገበያው ሲወርድ የሚወጣ «ኢንቨርስ» ፈንድ እንዳትገዙ። ስጋቱን ሲያጠፋ ትርፉንም ያጠፋል። በየቀኑ ስለሚስተካከል ለረጅም ጊዜ የያዘውን ሰው ቀስ እያለ ይበላዋል። ዝቅተኛ ኮሪሌሽን ጥሩ የሚሆነው ንብረቱ በራሱ መያዝ የሚገባው ሲሆን ብቻ ነው። ሎተሪም ከስቶክ ጋር ኮሪሌሽኑ ዜሮ ነው።

ደረጃ 9፦ ድርሻውን መልሱ፣ ቀኑን ቁረጡ

ብተና በራሱ ይበላሻል። 100 ሺህ ዶላር 60/40 ይዛችሁ ስቶኩ 30 በመቶ ቢወርድና ቦንዱ ባለበት ቢቆይ፣ 42 ሺህ ስቶክና 40 ሺህ ቦንድ ይቀራችኋል። ስቶኩ 51 በመቶ ሆነ ማለት ነው። ወደ 60 ለመመለስ 7,200 ዶላር ከቦንድ ወደ ስቶክ ታዛውራላችሁ። በዚያ ሰዓት ዜናው ሁሉ «ሽጡ» እያለ እጃችሁ አልታዘዝ ይላል። ስለዚህ ደንቡን ዛሬ፣ ገበያው ረጋ ሳለ ጻፉ፦ በዓመት አንድ ጊዜ፣ ወይም ድርሻው ከታቀደው 5 ነጥብ ሲርቅ።

1. ስልካችሁ ላይ የዓመቱን ቀን መዝግቡ።
2. በዚያ ቀን ደረጃ 2ን አድሱና ሰንጠረዡን እንደገና አስሉ።
3. የአምናውን ሰንጠረዥ አታጥፉ፤ አጠገቡ አስቀምጡት።
4. አንድ ጥንድ ከ0.3 በላይ ከተለወጠ ከመሸጣችሁ በፊት ምክንያቱን ፈልጉ። የወለድ ለውጥ ነው? የዋጋ ንረት? ወይስ ዓምድ ተንሸራቶ ነው?

ሰንጠረዡን በየወሩ ማደስ አያስፈልግም። በየወሩ የሚያየው ሰው በየወሩ አንድ ነገር መንካት ይፈልጋል። ከዓመቱ ቀን ውጪ ፋይሉን ለመክፈት በቂ ምክንያት የሚሆነው ሥራ መቀየር፣ ቤት መግዛት ወይም መሸጥ፣ ወይም ለውጭ አገር ኑሮ ስትነሱ የምታወጡት የገንዘብ ዓይነት መቀየር ነው። ገንዘቡ ከተቀየረ ሁለተኛውን ዓምድ ከላይ እስከ ታች በአዲሱ ምንዛሪ እንደገና ጻፉ፤ ከደረጃ 1 ጀምሩ።